ለእንግዳ የታረደችው ፍየል

አሩፔ ድርጅቱ ውስጥ ስንት ዓመት እንደሠራች ሲጠይቋት መልሱ ይቸግራታል። የሕፃናት እርዳታ ድርጅቱ ሰሜን ኬንያ ውስጥ ሎድዋር ከተማ ላይ ቢሮ ከከፈተ ጀምሮ ከደጁ ጠፍታ አታውቅም፤ በወረቀት ግን አንድም ጊዜ ዓመት አልሞላችም። መጀመሪያ ተለማማጅ ነበረች። ተለማማጅ ማለት እንደ ሠራተኛ መልፋት፣ ደሞዝ ሲከፈል ደግሞ እንደ እንግዳ ዳር መቆም ነው። ቀጥሎ አማካሪ ሆነች። አማካሪ ሲባል ሰው የሚያማክር ይመስላል እንጂ እሷን አንድም ቀን ያማከራት የለም። ኮንትራቷ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ይቋረጣል፤ ወር ያህል ቤቷ ትቀመጥና እንደ አዲስ ትቀጠራለች። ዓመት ከሞላች ቋሚ አድርጉኝ ልትል ነዋ! በዚያ ወር የድርጅቱን ሰደርያ ታስረክባለች፤ ስልኳ ግን መጮኹን አይተውም፣ ያዘዟትንም በነፃ ትሠራለች።

ሥራዋ በቱርካና መንደሮች እየዞረች የሕፃናትን ክንድ በጥብጣብ መለካት ነው። ጥብጣቡ አረንጓዴው ላይ ካረፈ ልጁ ደህና ነው። ቢጫው ላይ ካረፈ ያሰጋል፤ ቀዩ ላይ ካረፈ ረሃብ ክፉኛ ጎድቶታልና የለውዝ ቅቤ እሽግ ይታዘዝለታል። ከመመገቢያ ጣቢያዎቹ አንዱ ናዋቶም ነው፤ እሷ የተወለደችበት፣ አጎቷ ኤሴኮን ሽማግሌ የሆነበት፣ ታናሽ እህቷ ናኪሩ የምትኖርበት መንደር። ጣቢያው እዚያ እንዲከፈት ስንት ደጅ እንደጠናች እሷ ብቻ ናት የምታውቀው።

ዝናቡ በቀረበት ዓመት ሁለት ወሬ ተከታትሎ መጣ። አንደኛው፣ ቢሮው አንድ ቋሚ የሥራ ቦታ ሊከፍት ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ ዶክተር ኪሪሚ የሚባል ባለሙያ ከናይሮቢ መጥቶ የትኛው ጣቢያ እንዲቀጥል፣ የትኛው እንዲዘጋ አይቶ ሊወስን ነው የሚል። አለቃዋ ዶክተሩ ስለ ሥራዋ ጥሩ ከተናገረላት ቦታው ከእጇ እንደማይወጣ በጆሮዋ ነገራት። አሩፔ በማግስቱ ናዋቶም ሄደች።

«እንግዶች ይመጣሉ አባባ» አለችው ኤሴኮንን። «ጥሩ አድርጋችሁ ተቀበሏቸው። የጣቢያውም የኔም ነገር በእነሱ እጅ ነው።»

«እንግዳ አቀባበል ልታስተምሪን ነው የመጣሽው?» አለ ሽማግሌው ትንባሆውን እያላመጠ። «ሂጂ ልጄ፣ አናሳፍርሽም።»

ደስ ብሏት ተመለሰች። ናዋቶም ውስጥ ጥሩ አቀባበል ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም። በእንግዳ ፊት የለንም አይባልም። የታመመ ልጅ ባዕድ ፊት አይወጣም፤ ለእናቱ ሀፍረት ነው፣ ልጁንም የሰው ዓይን ይበላዋል። ይህን ሁሉ ጡት እየጠባች የሰማችው ነው። ልቧ ቋሚው ቦታ ላይ ስለነበር ግን አላሰበችበትም።

የድርጅቱ መኪና ሲደርስ ሴቶቹ ጨሌያቸውን እስከ አገጫቸው ደርድረው፣ በቅባት ወዝተው እየዘፈኑ ተቀበሉት። ከፊት የተሰለፉት ሕፃናት ጉንጫቸው ሞላ ያለ ነበር፤ ገሚሶቹ ከወንዝ ዳር ዘመዶች በውሰት የመጡ ናቸው። ኪሪሚ ክፉ ሰው አልነበረም። ጥብጣቡን ራሱ ይዞ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ ለካ። አረንጓዴ፣ አሁንም አረንጓዴ፣ አልፎ አልፎ ቢጫ። ቀና ብሎ ግሩም ሥራ ሠርተሻል ሲላት አሩፔ ውስጧ በደስታ ሞቀ።

ወዲያው ዓይኗ የእሾህ አጥሩ ላይ የተሰጣ ቆዳ ላይ አረፈ። ነጭ ነው፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ጣል ያለበት። የናኪሩ የምትታለብ ፍየል ነበረች። አሩፔ ሰው ሳያያት ወደ እህቷ ጎጆ ገባች። ናኪሩ ልጇን ኤዎይን ታቅፋ ጨለማው ውስጥ ተቀምጣለች። እሽጉን ከታላላቆቹ ጋር እየተካፈለ፣ የቀረውን በፍየሏ ወተት እየደገፈ የቆየ ልጅ ነው። አሩፔ ክንዱን ለካችው። ቀይ።

«አውጪው» አለቻት። «ዶክተሩ እዚሁ እያለ ይየው።»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? አጎታችንን ላዋርደው?»

«ፍየሏንስ ለምን ሰጠሽ?»

«ሌላ የሚታረድ አልነበረም። ላንቺ ሲባል ነው እቴ።»

አሩፔ በሩ ላይ ቆመች። ኤሴኮን ለዶክተሩ ምርጡን ሥጋ በእጁ እያቀበለው ነው። አሁን ጎጆዎቹ በታመመ ልጅ ተሞልተዋል ብትል ሽማግሌውን በእንግዶቹ ፊት ውሸታም ልታደርገው ነው። ደግሞም ዶክተሩ ገና አሁን አመስግኗታል። አዎ፣ ይህንንም አስባለች፤ ከሁሉ የሚያንገበግባት እሱ ነው። ወጥታ ከሰው ጋር ተቀመጠች። ሥጋም ሰጧት።

የተደበቁትን ልጆች ነገር የተናገረችው መኪናው ውስጥ ነው፣ መንደሩ ከኋላ ከጠፋ በኋላ። ዶክተሩ ሹፌሩን መመለስ እንችላለን ወይ ብሎ ጠየቀው። ሹፌሩ በመስኮት ወደ ፀሐይዋ አመለከተ፤ በድርጅቱ ደንብ መኪና ሳይመሽ ከተማ መግባት አለበት።

«ያላየሁትን እንዴት ብዬ ልጻፍ?» አለ ኪሪሚ በሐዘን። «ለምን እዚያው አልነገርሽኝም?»

መኪናው ወደ ሎድዋር መንገዱን ቀጠለ።

ናዋቶም ችግሩን የተሻገረ ጣቢያ ተብሎ ተመሰገነና ተዘጋ። የአሩፔ ኮንትራትም ሥራው በስኬት ስለተጠናቀቀ አልታደሰም፤ የምስክር ወረቀት በመስታወት አድርገው ሰጧት፣ አጨበጨቡላት። ቋሚውን ቦታ ከናይሮቢ የመጣች ልጅ ወሰደችው። ኤዎይ እሽጉ እስካለ ድረስ ትንሽ አገግሞ ነበር። ካለቀ በኋላ ናኪሩ አዝላው በጠፍ ጨረቃ ተነስታ ሌላ ጣቢያ ሄደች፤ የዚህ ቀበሌ ሰው አይደለሽም ብለው መለሷት። አሩፔ በየቢሮው ለመነች፣ አለቀሰች፣ እግር ላይ ወደቀች። ልጁ ዝናቡን ሳያይ ሞተ። ናኪሩ እህቷን አንዲት ቃል አልወቀሰቻትም። አሩፔ ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር ትላለች።

በዓመቱ ከቢሮው ተደወለላት። አንዲት ተለማማጅ ስለ ናዋቶም ስኬት ልትጽፍ ስለፈለገች ለአንድ ቀን አስተርጓሚ ትሆናት እንደሆነ ጠየቋት። ሥራ አልነበራትምና ሄደች። ልጅቷ ፈገግተኛ፣ አንገቷ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለች፣ ለመኖሪያዋ ከቤተሰቦቿ የምትበደር ምስኪን ነበረች። የጥንቷን እኔን ነው ያየሁት ብላለች አሩፔ በኋላ።

ኤሴኮን መኪናውን ሲያይ ከጥላው ሥር ተነሳ። ዓይኑ ባዶው ጋጥ ላይ ተንከራተተ።

«ምን እንረድላቸው ልጄ?» አላት በሹክሹክታ። «ምንም የለም።»

«ምንም አትረዱ አባባ» አለችው። ከዚያ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ልጅ የታመመባት እናት ሁሉ ልጇን ታውጣ አለች። ሽማግሌው አንገቱን ደፋ፣ አልከለከላትም።

እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው አንድ በአንድ ከየጎጆው ወጥተው ተሰለፉ። ልጅቷ ደነገጠች። ጥብጣብ አልያዘችም፤ እሽግም የለ፣ ጣቢያም የለ። ከሰልፉ መጨረሻ ናኪሩ ክንዶቿን ልጅ እንደታቀፈ ሰው አጥፋ ቆማለች። የታቀፈችው ግን የለም።

«እሷስ?» አለች ልጅቷ። «ልጇ የታለ?»

አሩፔ ጥያቄውን ወደ እህቷ አዞረችው። ናኪሩ ያየችው ልጅቷን ሳይሆን አሩፔን ነው።

«አውጡ አልሽ» አለች። «ወጣሁ።»

አሩፔ ለልጅቷ ቃል በቃል ተረጎመችላት።