መታወቂያ ለማድረስ በማለዳ

ይህ የሆነው አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዳንግላ ውስጥ ነው። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ለሰው ባልናገረውም ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል።

ከፖሊስ ጋር በማኅበረሰብ አቀፍ ደጋፊነት እሠራለሁ። መሣሪያ የለኝም፤ ያለኝ አንጸባራቂ ሰደርያና ፊሽካ ነው። ጎረቤት ሲጣላ፣ በግ ሲጠፋ፣ ሰካራም መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ተረኛ ሆኜ አድሬ እግሬ ዝሏል። ገና ጎህ ሳይቀድ ከጣቢያ ልወጣ ስል መናኸሪያ ወድቆ የተገኘ መታወቂያ ሰጡኝና «በመንገድህ ነው፣ ለቤተሰቡ አድርስ» አሉኝ። ተኝቼ ስነሳ ማድረስ እችል ነበር። ግን ልገላገለው ብዬ ወጣሁ፤ ወደዚያው የሚሄድ ኮንስታብልም ተከተለኝ። ቤቱን ስላላወቅሁት የእድሩን ዳኛ ቀስቅሼ አሳዩን አልኳቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ነው፤ የሚያረዱትም እንዲያ ያሉ ሰዎች ናቸው። እኔ የማስበው ግን አልጋዬን ብቻ ነበር።

እማማ ዘውዴ በሩን ከፈቱ። ሦስታችንን አዩ፤ እጄ ላይ ያለውን መታወቂያም አዩ። እንጅባራ በግንበኝነት የሚሠራው አንድያ ልጃቸው ፎቶ ነበረበት።

«ልጄን!» አሉና እዚያው ተዝለፍልፈው ወደቁ።

«መታወቂያ ነው እማማ፣ ወድቆ ተገኝቶ ነው» ብል ማን ይስማኝ። ጎረቤት እየጮኸ ግቢውን ሞላው። ልጁ ጋ ብንደውል አያነሳም። ያኔ እኔም ፈራሁ። መታወቂያውን እንጂ ልጁን መቼ አየሁት?

በአራተኛው አነሳ፤ ተኝቶ ነበር። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

አላመኑም። «አንተ ከሆንክ ላማችን ማን ትባላለች?»

«ቦራ ናታ! ምን ነካሽ?»

መሬት ላይ እንደተቀመጡ ስልኩን ይስሙት ጀመር። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ግን ቶሎ ዝም ማለት አልቻሉም፤ እያንዳንዷ የራሷን ሰው አስታውሳ ታለቅሳለች። እማማ ዘውዴ አልተቆጡኝም። «ሁለተኛ ፀሐይ ሳይወጣ እንዳትመጣብኝ ልጄ» ብቻ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስሄድ ገና ከአጥሩ ውጭ «ደህና ነው፣ ሰላም ነው» እያልኩ ነው የምገባው። የሰፈሩ ሰው ይስቅብኛል። እኔን ግን ይህ ሥራ እያደከመኝ ነው። አንድ ቀን እውነተኛ መርዶ ይዘህ ሂድ መባሌ አይቀርም። ያን ቀን ዝም ብዬ በሩ ላይ ስቆም፣ ገና አፌን ሳልከፍት ይገባቸዋል።