ሳይጨበጥ የቀረ እጅ

ልጅ ሳለሁ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ጌጃ ሰፈር ያለችው የጭቃ ቤታችን ድንገት ስትጨልም እናቴ «ደግሞ ጀመራቸው!» እያለች ክብሪት ፍለጋ መሳቢያውን ታተራምሳለች፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ግን እየተገፋፋን አባባ ወደተቀመጡበት መደብ እንሮጣለን። አባባ ወልዴ የእናቴ አባት ናቸው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለልብስ ሰፊዎች ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ፋኖሱ ሲለኮስ፣ የጋዙ ጭስ አፍንጫችንን ሲሰነፍጠን፣ ከእራት የተረፈው የከሰል ፍም አመድ እየለበሰ ሲሄድ አባባ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ተረት ይጀምራሉ። ያኔ ከዚያ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ብዙ ተረት ያውቁ ነበር፤ ደጋግመን የምናስነግራቸው ግን የአንዲት ጅብ ተረት ነው። አንድ ሰው አንዲት አህያ ነበረችው። ጅብ እንዳይበላበት ግቢውን ዙሪያውን በእንጨት አጠረና ማታ ማታ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ጅቧ ግን ወደ በሩ ዝርም አትልም። በጓሮ በኩል መጥታ ከአጥሩ አንዲት እንጨት መዝዛ ትሄዳለች፤ በማግስቱም እንዲሁ አንዲት። ሰውየው ጠዋት ተነሥቶ በሩን ያያል፣ በሩ ደህና ነው፤ «የእኔን በር ማን ይደፍራል!» ብሎ ይፎክራል። አባባ እዚህ ላይ ሲደርሱ ደረታቸውን ነፍተው ይፎክሩልናል፤ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። አንድ ቀን ሲነጋ በሩ እንደቆመ ነው፤ አጥርም የለ፣ አህያም የለች። ወንድሜ ሁልጊዜ «ከዚያስ?» ይላቸዋል። «ከዚያማ ምን አለ፤ በሩን ታቅፎ ቀረ» ይሉታል።

የአባባ ዓይን የታወቀ ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር በአንድ ጊዜ አሾልከው ያስገባሉ፤ ሰፊዎቹ ያመጡትን እራፊ ጨርቅ አይተው ትክክለኛውን የክር ቀለም ከመደርደሪያው ይመዛሉ። «የእኔን ዓይን እርጅና አያውቀውም» ይሉ ነበር። ስለዚህ ፋኖሱን አሁንም አሁንም «ከፍ አድርጊው» ሲሉኝ፣ ከጎናቸው ያለውን በርጩማ በእግራቸው ሲጥሉ፣ በስተግራቸው የተቀመጠውን ወንድሜን «የት ሄደ ይሄ ልጅ?» ሲሉ ማናችንም ስለ ዓይን አላሰብንም። እናቴ «ሐሳብ በዝቶባቸው ነው» ትል ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለውን ያኔ የማውቀው ለደግ ነገር ሲነገር ነው፤ ክፉ ነገርም እንደዚያው ቀስ ብሎ እግር እንደሚያወጣ የነገረኝ አልነበረም።

ነገሩ የወጣው በለቅሶ ቤት ነው። የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ሞተው የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ እኔ የአባባን ኮት ጫፍ ይዤ ገባሁ። በመግቢያው በስተግራ ጋሽ ሸምሱ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሸምሱ የአባባ የሱቅ ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ለጸሎት ሲሄድ አንዱ የሌላውን ሱቅ እየጠበቀ፣ ፋሲካና ኢድ ሲመጣ እየተጠራሩ አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው። አባባን ሲያዩ ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አባባ አለፏቸው። በቀጥታ ሄደው ፊት ለፊት የነበረውን ሰው ጨበጡ። የጋሽ ሸምሱ እጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አየር ላይ ቀረች፤ ጥቂት ቆየችና ቆባቸውን እንደሚያስተካክሉ ሆነው መለሷት። ያቺን እጅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በእኛ ዘንድ ጠላትም ቢሆን በለቅሶ ቤት ይጨበጣል፤ ሰላምታ የእግዜር ነው። ወዲያው ሰፈሩ ወሬውን ቀባበለው። «ወልዴ ሰው መናቅ ጀመሩ» ተባለ። ሌሎችም «እኔንም እኮ መንገድ ላይ ዘግተውኝ አልፈዋል» እያሉ ቂማቸውን አወጡ። ጋሽ ሸምሱ ወደ ሱቃቸው ሲገቡ ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። አባባ ደግሞ ምንም ያጠፉት ነገር አይታወቃቸውምና «ሸምሱ ዘጋኝ፤ ምን አድርጌው ነው?» እያሉ ማታ ማታ ይተክዛሉ። ተረቱም ቀረ። መብራት ሲጠፋ ዝም ብለን ፍሙን እያየን እንቀመጣለን፤ እኔም ትልልቅ ሰዎች ሲጣሉ ቤት እንዴት እንደሚከብድ ያኔ አወቅሁ።

በመጨረሻ የእድሩ ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ቤታችን መጡ። ምሽት ነበር፤ መብራት የለም። ሽማግሌዎቹ ከአባባ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ጋሽ ሸምሱ ኋላ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ገብተው በአባባ ግራ፣ መደቡ ጫፍ ላይ አረፍ አሉ። ፋኖሱ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ ሁሉንም አያለሁ።

አባባ ተናገሩ። «እኔ ሸምሱን የምጠላበት ምን ምክንያት አለኝ? ወንድሜ ነው። ቅር ካለው ለምን ራሱ መጥቶ አይጠይቀኝም? ዛሬስ እንኳ እናንተን ልኮ እሱ ይቀራል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ሹፈት መስሏቸው ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ሸምሱ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ከዚያ ያቺኑ እጃቸውን ቀስ አድርገው ከአባባ ጉንጭ አጠገብ ዘረጉ፣ ጣቶቻቸውንም አንቀሳቀሱ። አባባ ፋኖሱን እያዩ ነበር። ዓይናቸው አልተርገበገበም።

«ወልዴ» አሉ ጋሽ ሸምሱ፤ ድምፃቸው ተሰባብሮ ነበር። «አጠገብህ ነኝ እኮ።»

አባባ ደንግጠው ከነትከሻቸው ዞሩ። ጋሽ ሸምሱ ወደ ሽማግሌዎቹ መለስ ብለው «ይሄ ሰው አልናቀኝም፤ አላየኝም» አሉ። እናቴ «ወይኔ አባቴ!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለእርቅ የተጠራ ሰው ሁሉ ጠቡን ረስቶ ፍርሃት ያዘው። እኔን ግን ከሁሉ ያስፈራኝ የአባባ ፊት ነው፤ ምን እንደጎደላቸው እሳቸው ራሳቸው አያውቁም ነበር።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ከእናቴና ከእኔ ጋር አባባን ወደ ዓይን ሐኪም ወሰዷቸው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። የዓይናቸውን ግፊት ለካች፣ በመሣሪያ ውስጡን አየች፣ ፊት ለፊት እያዩ በዳር የምትበራ ብርሃን ስትታያቸው እንዲናገሩ አደረገች። አባባ ብዙውን ጊዜ ዝም ብለው ሲጠብቁ ብርሃኗ በርታ ጠፍታ ነበር።

«ግላኮማ ይባላል አባት» አለቻቸው። «ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ የዓይን ግፊት ሲጨምር ነው። እንደ እርስዎ ዓይነቱ አያምም፣ አያስለቅስም። ከዳር ከዳር ነው የሚወስደው፤ መሐሉ ጥርት ብሎ ስለሚያይ ሰው አይጠረጥርም። ግራዎ ብዙ ተጎድቷል። የሄደው አይመለስም።»

አባባ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው «በጓሮ በኩል ነዋ» አሉ።

ሐኪሟ አልገባትም። እኔ ግን ገባኝ። ያቺ የምንስቅባት ጅብ ለካ ፋኖሱን ከበን ተረት ስንሰማ አጠገባችን ነበረች።

የቀረውን ለማቆየት ጠብታ ታዘዘላቸው፤ ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜ ልክ። ሐኪሟ «ምንም አላሻለኝም ብለው እንዳያቋርጡ፤ ሥራው ማሻሻል አይደለም፣ ያለውን መጠበቅ ነው» ብላ አስጠነቀቀች። በዘር ስለሚሄድ ልጆቻቸውም እንዲመረመሩ ነገረችን፤ እናቴን ስታያት እናቴ ነጠላዋን ሰበሰበች። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሸምሱ ማታ ሱቅ ዘግተው ሲመለሱ በእኛ ቤት ያልፋሉ፤ በሩ ላይ ሆነው «ጠብታውን አደረገ?» ይላሉ፤ «አደረጉ» እንላለን።

ጠዋት ጠዋት ግን የሚጠይቅ አልነበረም። ሁዳዴ ገባ። አባባ ጾም አጥባቂ ናቸው። ጠብታው ዓይናቸው ውስጥ ከገባ በኋላ ምሬቱ ጉሮሯቸው ላይ ይሰማቸው ነበርና ጾም የሚያፈርስ መስሏቸው ለማንም ሳይናገሩ የጠዋቱን ተዉት። ከፋሲካ በኋላ ለክትትል ስንሄድ ሐኪሟ ግፊቱን ለካች፣ እንደገና ለካች፣ ፊቷ ተለወጠ። ደህናው ቀኝ ዓይናቸውም መነካት ጀምሮ ነበር።

«ጠብታውን በትክክል ያደርጋሉ?»

«አደርጋለሁ» አሉ አባባ። «ከጾሙ በቀር።»

እናቴ አለቀሰች። ጋሽ ሸምሱ ቤት ድረስ እየተቆጡ መጡ። «አንተ ሰው፣ ዓይንህንም ታስጾማለህ እንዴ? ጠይቀህ ቢሆን ምን ነበረበት?» የንስሐ አባታቸው ሲሰሙ አዘኑ፤ «መድኃኒት ምግብ አይደለም ልጄ» አሉና ዳግመኛ እንዳያቋርጡ አዘዟቸው። ሐኪሟም ጠብታውን ካደረጉ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይናቸውን ጥግ በጣታቸው ጫን አድርገው ጥቂት እንዲቆዩ አሳየቻቸው፤ ያኔ መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ይቆያል፣ ወደ ጉሮሮ የሚወርደውም ይቀንሳል። አባባ እንደዚያ ጨፍነው ሲቀመጡ የሚጸልዩ ይመስሉ ነበር፤ ምናልባትም ይጸልዩ ነበር።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ተረቱን ጀመሩልን፤ ጋሽ ሸምሱም ነበሩ፤ አሁን ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጡት። አጥሩም አህያዋም ከጠፉ በኋላ ወንድሜ እንደ ልማዱ «ከዚያስ?» አለ። አባባ ፍሙን አዩ።

«ከዚያማ ሰውየው በሩን ትቶ ተነሣ። የተረፈች እንጨት ካለች ብሎ ዳበሰ፤ በአንድ በኩል ጥቂት ተርፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ እሷን ይጠብቃል።»

«አህያዋስ?»

«አህያዋማ ተበላች» አሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው እስኪያገኙኝ ፈለጉና ራሴ ላይ አሳረፉት። «ውርንጭላዋ ግን አለች።»

አባባ እስኪያርፉ ድረስ በቀኝ ዓይናቸው ፊታችንን ያዩ ነበር። ያቺ ቤት ፈርሳለች፤ እኔ አሁን የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ ጠብታ ከጀመረች ቆየች። እኔም አርባን ሳልፍ፣ በየጊዜው ከምመላለስበት ሐኪም ቤት አንድ ቀን «አሁን መጀመር ይሻላል» ተባልኩ። ጅቧ ውርንጭላዋንም አገኘቻት ማለት ነው። አንዳንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አንድ ዓይኔን ሸፍኜ የመስኮቱን ዳር እፈልጋለሁ፤ ትከሻዬ የበር ጠርዝ ሲነካ ልቤ ስንጥቅ ይላል። ሐኪሜ «እንዲህ ራስን መፈተን አይጠቅምም፤ ጠብታሽን አድርጊ፣ ቀጠሮሽን አክብሪ» ይለኛል። አከብራለሁ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ልጄንም አስመርምሬ ደህና ናት ተብያለሁ፤ ይሄው በየጊዜው እወስዳታለሁ።

በቀደም ታክሲ መያዣው ጋ ቆመን ሳለ የፎቅ ጎረቤታችን አልማዝ በአጠገባችን ሰላም ሳትለን አለፈች። አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ «አየሻት? ኮራችብን» አለች። እኔ ግን የጋሽ ሸምሱ እጅ ትዝ አለችኝ። ተከትዬ ደረስኩባትና በስተግራዋ እጄን ዘረጋሁ፤ እባክሽ እይው እያልኩ በልቤ ለመንኳት። አላየችውም። እጄ እንደዚያ አየር ላይ ቀረች። አልመለስኳትም፤ «አልማዝ!» ብዬ ተጣራሁና ዞራ እስክትጨብጣት ድረስ ዘርግቼ ቆየሁ።