ግንባሬ ሲሽር

የግንባሬን ንቅሳት በጨረር ያስጠፋሁት ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ነው። ያኔ ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ንቅሳቱ ከቅንድቦቼ መካከል ትንሽ ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ አውራ ጣት የሚያክል መስቀል ነው። ከጊዜ ብዛት ጥቁረቱ ለቆ ወደ አረንጓዴ አድልቶ ነበር። ያስነቀሰችኝ እናቴ ናት። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ዳባት ገበያ አጠገብ ወደምትኖር ነቃሽ ወሰደችኝና ራሴን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ አስነቀሰችኝ። የመርፌው ሕመም ትዝ አይለኝም። የእናቴ ጉልበት እንዴት አጥብቆ እንደያዘኝ ግን አልረሳውም።

በኛ አገር ይህ ጌጥ ነው፤ ማንም አያፍርበትም። እኔም እስክማር ድረስ አላፈርኩበትም። ፀጉር ቤት መሥራት ግን ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት መቆም ነው። ፀጉሬን ከፊት ቆርጬ እሸፍነዋለሁ፤ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ይገለጣል። አንድ ቅዳሜ አንዲት ሙሽራ በመስታወቱ ውስጥ አየት አደረገችኝና ለፀጉር ቤቱ ባለቤት "ሌላዋ ትሥራኝ" አለቻት። "ምነው?" ስትላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የገጠር ልጅ ትመስላለች፤ የሙሽራ አሠራር ታውቃለች ብለሽ ነው?" አለች። ሰማኋት። ማበጠሪያውን አስቀመጥኩና ጥግ ሄጄ የታጠፈ ፎጣ ዘርግቼ እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ።

አዲስ አበባ ንቅሳት በጨረር የሚያጠፋ ክሊኒክ እንዳለ ደንበኞች ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። ክረምቱ እንደወጣ ሄድኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም።

ሐኪሟ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። "የእኔ ሥራ የደቂቃዎች ነው፤ ዋናው ሥራ ያንቺ ነው" አለችኝ። ቁስሉ በንጹሕ እጅና በንጹሕ ውሃ እንዲታጠብ፣ እንዳይታሽ፣ ውሃ ቢቋጥር እንዳላፈርጠው፣ ቅርፊቱ ራሱ እስኪወድቅ እንዳልልጠው፣ ከሰጠችኝ ቅባት በቀር ምንም እንዳልቀባው ነገረችኝ። ከሁሉም በላይ ያስጠነቀቀችኝ ከፀሐይ ነው። "አዲሱን ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ወይ ይጠቁራል፣ ወይ ነጥቶ ይቀራል። ሲሽርም በጃንጥላ ነው የምትሄጂው" አለች። ሕክምናውን በየሁለት ወሩ እየተመላለስኩ አምስት ጊዜ ማድረግ ነበረብኝ።

ጎንደር በገባሁ በማግስቱ ግንባሬ አብጦ ውሃ ቋጠረ። በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። እናቴ ናት። ሆዷን ሲያማት ሰንብቶ ሐኪም ልትታይ ከገጠር መምጣቷ ነው። በግራ እጇ ቅቤ የያዘ ቅል፣ በቀኟ ምርኩዟን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"ምነው ልጄ! ምን አገኘሽ? ዘይት ተረጨብሽ?"

"አይ እማ። አስጠፋሁት።"

"ምኑን?"

"ንቅሳቱን።"

ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጉልበቷ ላይ አጠፈችው። "መስቀሉን?" አለች። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ስለ ሌላ ስለ ሌላ ነገር ብቻ ነው ያወራችው፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ወንድሜ ልጆች።

ጠዋት ስነቃ ጣቷን ቅቤ አስነክታ ከራስጌዬ ቆማለች። ብድግ ብዬ ጮህኩባት። "አትንኪኝ! ያኔ ስታስነቅሺኝ ጠይቀሽኛል? አሁን ደግሞ ልታበላሺብኝ ነው?"

ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"እውነትሽን ነው፤ አልጠየቅሁሽም" አለች። "ካንቺ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ። ሁለቱም ዓመት አልሞላቸው። አንቺም በአምስት ዓመትሽ ታመምሽ፤ ትሞታለች ተብለሽ ተረፍሽ። ይችን እንኳ ተውልኝ ብዬ ለእግዜር ምልክት ማድረጌ ነው።"

ይህን እስከዚያ ቀን ነግራኝ አታውቅም። ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ግን ያልኩት፣ "ቅቤ ቁስሉን ያመረቅዘዋል፤ ሐኪሟ ከልክላለች" ነው።

"እንግዲያው የተፈቀደውን ንገሪኝ" አለች።

ነገርኳት። ፊደል ስለማትለይ አንድ በአንድ አስደግማኝ በቃሏ ያዘችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግንባሬን እሷ ተረከበችው። ውሃውን አፍልታ፣ ከድና አቀዝቅዛ፣ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጥባ፣ አንገቴን በክንዷ ደግፋ ጠብ ጠብ ታደርግልኛለች። በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጋ ታደርቀዋለች፤ አታሸውም። ማረስና ማጨድ ያሻከረው እጅ እንደዚያ መቅለል መቻሉ ይገርመኝ ነበር። መስኮቱ ላይ ጋቢዋን ሰቀለችበት። ድስት ስከፍት "እንፋሎቱ!" እያለች ትጎትተኛለች። ሲያሳክከኝ ሁለት እጆቼን ይዛ፣ ማሳከኩ እስኪያልፍልኝ የመንደሩን ወሬ ታወራልኛለች።

ሐሙስ የሐኪም ቀጠሮዋ ነበር። አብሬያት እንድሄድ ተነጋግረን ነበር፤ ፀሐዩ የሚያቃጥል ሆነና ቀረሁ። ብቻዋን ሄዳ ከሰዓት ተመለሰች።

"ምን አሉሽ?"

"ሸጋ ነው አሉኝ። ኪኒን ሰጡኝ።"

እኔ በእጅ መስታወት ግንባሬን እያየሁ ነበር። ወረቀቱን አሳዪኝ አላልኳትም። ተኝታ መታከም እንዳለባት ተነግሯት፣ "ልጄ ቁስለኛ ናት፤ ሲሻላት እመለሳለሁ" ብላ እንደወጣች ያወቅሁት ኋላ ከወንድሜ ነው። አልተመለሰችም።

ቅርፊቱ ረግፎ ካለቀ በኋላ ወደ አገሯ ተነሣች። እስከ መናኸሪያ ልሸኛት ጫማዬን ሳጠልቅ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ። "አትውጪ፤ ፀሐይ ነው።" ጉንጬን ስማ፣ ግንባሬን በዓይኗ ብቻ አይታ ሄደች። ምርኩዟ ኮረቱን ሲመታ ከመንገዱ መታጠፊያ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ ወንድሜ ደወለ። "እማን ትንሽ አሟታል፤ ዛሬውኑ ነይ" አለኝ። ይህ አነጋገር በኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ያኑኑ ቀን በሚኒባስ ወደ ደጋው ወጣሁ።

ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ኅዳር ነው፤ ነፋሱ ይበርዳል፣ ፀሐዩ ግን ይልጣል። ከለመድኩት የተነሣ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ነው ከአጥሩ የገባሁት። አንዲት ሴት፣ "ጃንጥላ ይዛ መጣች! ለእናቷ!" ስትል ሰማሁ። ወረወርኩት። የአገሬ ሴቶች ለእናታቸው እንደሚያደርጉት ፊቴን ልነጭ ጥፍሬን አነሣሁ።

አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ሁለቱንም እጆቼን ያዘችኝ። የእሷ ጉንጭ ተነጭቶ ይደማል።

"ተይ!"

"ልቀቂኝ አክስቴ!"

"አልለቅሽም። አደራ ብላኛለች። 'እኔ ብሞት ፊቷን እንዳትነጭ፣ ፀሐይ ላይም እንዳታቆሟት፤ ገና አልጠናም' ብላኛለች።"

እናቴ እንደምትሞት ታውቅ ነበር ማለት ነው። አክስቴ ጃንጥላውን ከመሬት አንሥታ ዘረጋችው፤ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ፣ እሷ ራሷን ተገልጣ እኔን አጠለለችኝ። ክንዷ ሲዝል በሌላው ትቀይራለች። ከኋላችን የሚያጉረመርሙ ነበሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ዘወር ብላ፣ "የሟች ቃል ነው" አለቻቸው። እናቴን ጭረት እንኳ በሌለው ፊት ቀበርኳት።

በሠልስቱ፣ ለቀስተኛው ቀለል ሲል፣ አክስቴ ጥላ ሥር ከጎኔ ተቀመጠች። መንደሩ ስለ ግንባሬ ምን እንደሚያውቅ ጠየቅኋት።

"እሳት ነካት ብላ ነው ለሰው የነገረች። እውነቱን ለኔ ብቻ ነው ያዋየችኝ።"

"ተቀይማኝ ነበር?"

አክስቴ መዋሸት አትችልበትም። "አዝናለች" አለች። "በጣም ነው ያዘነች። ግን በእጄ ዳነች እያለች ትደሰትም ነበር። ሁለቱንም አይቼባታለሁ።"

የቀረውን አራት ጊዜ ጨረስኩ። ላቆመው አስቤ ነበር፤ ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ የቀረ መስቀል ይዤ መኖሩ ግን የባሰ ሆነብኝ። ከአዲስ አበባ በተመለስኩ ቁጥር ቤቴን ዘግቼ ብቻዬን አጥበዋለሁ፤ ውሃው ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ትራሱ ይርሳል። ከፀሐይ ለመጠንቀቅ ግን አንድም ቀን አልሰነፍኩም።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሟ መብራት አቅርባ ግንባሬን ለረጅም ጊዜ አየችው። "ጠባሳ እንኳ የለውም። እንዲህ አድርጎ የሚጠነቀቅ ሰው አልገጠመኝም" አለችኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። በሩ ድረስ በደህና ሄድኩ፤ ከደረጃው በታች ግን ተቀምጬ አለቀስኩ። የክሊኒኩ ዘበኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ መጥተው ጎንበስ አሉ።

"አመመሽ እንዴ ልጄ?"

"አይ አባቴ፤ ድኛለሁ።"

ሌላ አልጠየቁኝም። ወንበራቸውን አምጥተው አስቀመጡኝና እሳቸው ከበሩ አጠገብ ቆሙ።