ፊቴን ለማክሳት ብዬ ያቆምኩት ክኒን

ሰኞ ጠዋት ከምኒልክ አደባባይ ወደ ፒያሳ እየወረድኩ ነው፣ ወደ ሥራ። ድንገት ጉልበቴ ከዳኝ... አንድ ፋርማሲ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ላርፍ ብዬ ነበር፤ መነሳት ግን አልቻልኩም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የሃያ ሰባት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ። ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ከዚያ ቀን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት እያበጡ አልታጠፍ አሉኝ። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ፤ ታይፕ መምታቱንማ ተዉት። ሐኪሙ የሰውነቴ መከላከያ ተሳስቶ የራሴኑ መገጣጠሚያ እየወጋ እንደሆነ አስረዳኝና ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ። በሳምንት ውስጥ ጣቶቼ ታዘዙልኝ። በስድስት ወር ውስጥ ደግሞ ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆነ።

ስኳር የጠፋበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ ያለች የሰፈራችን ሴት፣ «ለካ ራሽኑ የሚቀመጠው ጉንጭ ውስጥ ነው» አለች። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ... ምን ላድርግ?

በዚያ ዘመን ግን እህል ደብቀዋል መባል ቀልድ ሆኖ አይቀርም። በሳምንቱ ሁለት የቀበሌ ሰዎች ጓዳችንን ሊያዩ መጡ። እናቴ ጆንያውንም ጣሳውንም እየከፈተች አሳየቻቸው። ምንም አላገኙም። እሷ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ከሶቪየት ኅብረት ተመለሰና አንድ ጠርሙስ ቫይታሚን ሰጠኝ። እዚያ ለቁርጥማት ጥሩ ነው ይሉታል አለኝ። ለማንም ሳልነግር ክኒኑን አቆምኩና በቫይታሚኑ ተካሁት። ቫይታሚን ነው፣ ምን ያደርገኛል ብዬ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መስታወት ሳይ ፊቴ ጎደል ያለ መሰለኝ፤ ደስታዬን አትጠይቁኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን የበላሁት አልረጋልኝ አለ። ከተቀመጥኩበት ስነሳ ያዞረኛል።

እንግዲህ በዚያ ሰኞ ደረጃው ላይ የተቀመጥኩት እንዲህ ሆኜ ነው።

የፋርማሲው ባለሙያ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ነበሩ። ወጥተው ደግፈው አስገቡኝ። የደም ግፊቴን ለኩት፤ በጣም ወርዷል። ምን መድኃኒት እንደምወስድ ሲጠይቁኝ ቫይታሚን ብቻ ነው አልኩና ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በሩሲያኛ የተጻፈውን ገልበጥ አድርገው አዩና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ያበጡ ጣቶቼን አዩ... ቀጥለው ክብ ፊቴን።

«ልጄ፣ ክኒኑን መቼ ነው ያቆምሽው?» አሉኝ።

እናቴ እንኳን የማታውቀውን ነገር ነው የጠየቁኝ። ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ስለ ጉንጬ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ቀበሌዎቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ለወራት ይህን ክኒን የወሰደ ሰውነት ራሱ ይሠራው የነበረውን ተመሳሳይ ሆርሞን መሥራት እንደሚተው፣ ክኒኑ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሰው ሊሞት እንደሚችል፣ የሚቀነሰውም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እንደሆነ አስረዱኝ።

«ቫይታሚን ጥሩ ነው። ግን ደጋፊ ነው እንጂ ምትክ አይደለም» አሉና ፋርማሲውን ዘግተው በታክሲ ሆስፒታል አደረሱኝ።

ሦስት ቀን ተኛሁ። ሐኪሙ ክኒኑን መለሰልኝ። ቫይታሚንም አልከለከለኝም፤ እንዲያውም ክኒኑ አጥንት ስለሚያሳሳ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ጨመረልኝ። ሳልነግረው ምንም ነገር እንዳልጀምር፣ ምንም እንዳላቆም ግን አስማለኝ።

ፊቴም ተመልሶ ሞላ።

በሚቀጥለው ወር ሰልፍ ላይ ያችው ሴት አፏን ልታሟሽ ስትል ቀደምኳት። «ይህ ፊት የመድኃኒት ነው። ክኒኑን ሳቆም ልሞት ነበር፤ ስለዚህ እንዲሁ ክብ ሆኜ እኖራለሁ» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ሴትየዋ ታማሚ መሆኔን እንዳላወቀች አጉረምርማ ፊቷን አዞረች።

ወደ ቤት ስመለስ አንዲት የማላውቃት እናት ተከተለችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿን መጨበጥ እንዳቃታት፣ ሰው ሁሉ ብርድ ነው እንደሚላት ነገረችኝ። የትኛው ሐኪም ጋ እንደምታከም ጠየቀችኝ። በማግስቱ ከቢሮ አስፈቅጄ ሦስታችንም አብረን ሄድን።

ያች ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። ጣቶቿ ትንሽ ጠመም ቢሉም ጸጉሯን ራሷ ትሠራለች። አሁንም በየሳምንቱ ትደውልልኛለች... ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደሩ የለ፣ «መድኃኒትዎን ዋጡ?» ነው።

ከእናቴ ወዲህ እንዲህ የተቆጣጠረኝ ሰው የለም።