ከቀኙ ባሌስትራ ያወጣሁት ብረት

ወንድሜ ከሞተ በኋላ የመኪናውን ድምፅ መስማት ጀመርኩ። መኪናዋ ሮቢንስዴል የሚባል ከተማ፣ እሱ ቤት ጋራዥ ውስጥ ባትሪዋ ሞቶ ቆማለች። እኔ ደግሞ ሌላ ቦታ ነኝ፤ ሥራዬ ሽማግሌና አሮጊቶችን ለሐኪም ቀጠሮ ማመላለስ ነው። በጠራራ ፀሐይ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ያ ወፍራም የስምንት ሲሊንደር ጉርምርምታ ከጎኔ ይመጣል። ዞር ስል ምንም የለም። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ባልቴት ዞሬ ዞሬ ሳይ አይታኝ "ደህና ነህ?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ደህና አልነበርኩም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው ካወራው ደግሞ ያሳምርልኛል።

ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ያንሰኛል። አባታችን ቶሎ ስለሞተ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ብል ውሸት አይሆንም። እስከ መጨረሻው "ወንድም ጋሼ" ነበር የሚለኝ። እኔ አዲስ አበባ የጭነት መኪና መካኒክ ነበርኩ፤ እሱ ቀድሞኝ እዚህ አሜሪካ መጥቶ ተምሮ ነርስ ሆነ። ከዚያ በአርባ ምናምን ዓመቱ ምን ቢያምረው ጥሩ ነው? ከእሱ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ኮፈኗ አልጋ የሚያክል የድሮ አሜሪካን መኪና! "በዚህ ዕድሜህ እሽቅድምድም ልትገባ ነው?" ስለው ይስቃል። "ወንድም ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ቀጥ ብላ ስትወነጨፍ ባያት ይበቃኛል" ይለኛል።

ችግሯ ነዳጅ ሲሰጣት መሬት መያዝ አለመቻሏ ነበር። ኋላዋ ይዘላል፣ ጎማዋ ባዶውን ይሽከረከራል። የሚሸከማት ባሌስትራ፣ ያ ተደራርቦ የታሰረው ዝርግ ብረት፣ አርጅቶ ለጥ ብሏል። ስለዚህ ለእሽቅድምድም የሚሆን ጠንካራ ባሌስትራ አዘዘ። እኔን ሳይጠራ፣ ብቻውን፣ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶ ገጠመው። አለመጥራቱ ራሱ ትንሽ ከንክኖኛል፤ አልዋሽም።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። የጋራዡን በር ሲከፍተው ሳቄ መጣ። መኪናዋ ዘመም ብላ ቆማለች። የቀኝ ኋላዋ ከፍ፣ የግራው ዝቅ ያለ ነው፤ የማይታይ ሰው መሪው ጋ የተቀመጠባት ትመስላለች። ጎንበስ ብዬ ስቆጥር የቀኙ ባሌስትራ ከግራው በአንድ ብረት ይበልጣል።

"አንተ፣ አበላልጠው ሸጡልህ እኮ!"

"አይደለም፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ጎማዎቹን የያዘውን አክስል ይጠመዝዘዋል፤ ቀኙን ጎማ ከመሬት ሊያነሳው ይፈልጋል። ለዚህ ነው ቀኙ የሚጠነክረው።"

"ማነው ያለህ? ኢንተርኔት?"

"አንብቤ ነው፣ ወንድም ጋሼ።"

"እኔ አላነበብኩም። እኔ መኪና ሥር ተኝቼ ነው የተማርኩት" አልኩት። እሱም ተወኝ፤ ምሳ እንብላ አለ።

አዲስ አበባ እኛ ጋራዥ ሕጉ አንድ ነበር፤ ቀኝና ግራ እኩል ይሆናል። ጭነት ለሚበዛበት መኪና ብረት ሲጨመር በሁለቱም በኩል ይጨመራል። ያዘመመ መኪና ከግቢ ከወጣ መካኒኩ ይሰደባል። እኔን ደግሞ አለቃዬ ይሄንን ያስተማረኝ በጥፊ ነው። ያዘመመ መኪና ካየሁ እጄን ይበላኛል፤ እንቅልፍ የለኝም። ሰኞን እንደምንም አሳለፍኩት።

ማክሰኞ ወንድሜም ሚስቱም ሥራ ላይ ነበሩ። የጋራዡን በር መክፈቻ ቁጥር አውቀዋለሁ። በእናቴ፣ ውለታ መስሎኝ ነው! መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ፣ የቀኙን ባሌስትራ ፈታሁ፣ ትርፏን ብረት መዝዤ አወጣሁ፣ መልሼ አሰርኩት። ሳወርዳት ጠረጴዛ ነው የምትመስለው። ብረቷን ግድግዳው ጥግ አስደግፌ እያፏጨሁ ወጣሁ።

ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ደወለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስታስተካክለኝ ኖረሃል። አንዲት የራሴ ነገር ዘመም ብላ ብትቆም ምን ነበረበት?"

"እንዴ! ለፍቼ ለሠራሁልህ—" ስል ዘጋው። ጆሮዬ ላይ!

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር አልተነጋገርንም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንገናኝ አንገታችንን ነቅነቅ አድርገን እናልፋለን። እኛ ቤት ታናሽ ነው ወደ ታላቅ የሚመጣው፤ ድንጋይ ተሸክሞ ባይመጣ እንኳ ስልክ ያነሳል። እኔም ስልኬን እያየሁ ጠበቅኩ። ሰዎች ሊያስታርቁን ሲሉ "ማን ተጣላ?" እላቸው ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ገና ሳይነጋጋ፣ በሬ ተንኳኳ። ሦስት የዕድራችን ሰዎች ቆመዋል፤ አንዳቸውም ዓይኔን አያዩም። በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ አበሻ ሁሉ ያውቃል። ወንድሜ ሥራ ላይ እያለ ልቡ ቀጥ ብሏል።

ለቅሶው ላይ የጮህኩትን ጩኸት ሰው ሁሉ የሐዘን መሰለው። ግማሹ ሐዘን ነበር። ግማሹ ፍርሃት ነው። ተቀይሞኝ ነው የሄደው እያልኩ ነበር የምጮኸው፤ ግን ቃሉን ማንም አልለየውም። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ጉልበቴ ደከመ እንጂ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ንቅንቅ አላለም። በየሆስፒታሉ ኮሪደር በሽተኛ በጋሪ እየገፋሁ ሰማያዊ የነርስ ልብስ የለበሰ ሰፊ ትከሻ ከፊቴ ሲያልፍ ፊቱን ለማየት እፈጥናለሁ። አንዱንማ በወንድሜ ስም ጠርቼ አስቁሜዋለሁ። ሲዞር ልጅ እግር ሶማሌ ነው። ይቅርታ ብዬ ጋሪዬን ገፋሁ።

በዚህ ላይ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የሚባል ከተማ ያየሁት ነገር ተጨመረ። በሽተኛ አድርሼ ነዳጅ ልቀዳ ስገባ ልክ የወንድሜን የምትመስል መኪና፣ ቀለሟ ብቻ ሌላ፣ ማደያው ላይ ቆማለች። ወደ ግራ አዘንብላለች። ውስጧ ሰው የለም። ክው አልኩ። ከባዶው ወንበር ላይ ዓይኔን መንቀል አቅቶኝ ቆሜ ሳለ ባለቤቱ፣ አንድ ነጭ ሽማግሌ፣ ቡናውን ይዞ ከሱቁ ወጣ። እንግሊዝኛዬን ሰብስቤ "ባሌስትራህ ሳይሰበር አልቀረም" አልኩት።

ሳቀብኝ። አልተሰበረም፣ ሲገዛም እንዲሁ ነው፣ ቀኙ ይጠነክራል አለኝ፤ ለምን እንደሆነም ነገረኝ። ወንድሜ ያለኝን ነው፤ አንድ ቃል አልጨመረም፣ አንድ ቃል አልቀነሰም። ከዚያ ገብቶ ነዳጅ ሲሰጣት ከፍ ያለው ቀኟ ዝቅ ብሎ መኪናዋ ተስተካከለች። ዓይኔ እያየ! ቀጥ ብላ ወጣች። ለካ እኔ ያስተካከልኩት የቆመ መኪና ነው። ያን ቀን ነዳጅ ሳልቀዳ ነው የሄድኩት።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ የወንድሜ ሚስት ደወለች። ከለቅሶው ወዲህ ከሰላምታ በቀር ቃል ተናግራኝ አታውቅም።

"ጋሼ፣ መኪናዋን የሚገዛ ሰው ቅዳሜ ይመጣል። ከዚያ በፊት ይምጡና ያወጧትን ብረት ይመልሱ።"

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? እንዲያውም ደስ አለኝ። ለወንድሜ ላደርግለት የምችለው የቀረ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ እሱም ከእጄ ይወጣል።

ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ። እሷ ቤት ውስጥ ነበረች፤ በሩን ከፍታልኝ ተመለሰች። ብረቷን ዝገት በልቷት አገኛታለሁ ብዬ ነበር። መደርደሪያ ላይ በጨርቅ ተጠቅልላ፣ ዘይት ተቀብታ፣ እንደ ሕፃን ተኝታለች። አጠገቧ አዲስ ቡሎኖች ከነዳዷቸው ተደርድረዋል። ለምን ራሱ እንዳልመለሳት አልገባኝም። እጁ ከእኔ አያንስም፤ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። በእኔ ላይ ምስክር እንድትሆን ነው ያስቀመጣት አልኩ።

መኪናዋን አንስቼ፣ በመደገፊያ አቁሜ፣ ስሯ ገብቼ ተኛሁ። የተኛሁበት ካርቶን የእሱ ነው፤ የትከሻው ቅርፅ ሰርጉዷል። እዚያ ብቻዬን አልነበርኩም። እንደፈለጋችሁ በሉኝ። ቁልፍ ፈልጌ እጄን ስዘረጋ ቁልፉ እጄ ላይ ነው። እግሬ በኩል ሰው ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ባሌስትራውን ፈትቼ፣ ብረቷን ቦታዋ ከትቼ፣ መልሼ ላነሳው ስታገል ሁለት እጅ አልበቃኝ አለ። የመሀሉ ቡሎን ራስ አክስሉ ላይ ካለችው ቀዳዳ ካልገባ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

"ና እንግዲህ፣ ያዝ!" አልኩ ጮክ ብዬ። ለእሱ ነው ያልኩት።

"የቱን ልያዝ?" የሚል ድምፅ መለሰልኝ።

ነፍሴ ልትወጣ ነበር። የወንድሜ ሚስት ናት። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ቁጢጥ ብላ ታየኛለች። ስንት ሰዓት እዚያ እንደቆመች እንጃ። ማንሻውን ሰጠኋት። "ትንሽ ወደራስሽ፣ ትንሽ፣ በቃ! ገባች" አልኳት። ቡሎኖቹን አሰርኩ። የጫፎቹን ግን አየር ላይ እንዳለች አላጠበቅኳቸውም፤ ክብደቷ ጎማዋ ላይ ሲያርፍ ነው የሚጠብቁት። ይሄንን እንኳ አንብቤ ነው የመጣሁት።

አወረድኳት፣ አጠበቅኩ፣ ወጣሁ። መኪናዋ እንደ ድሮዋ ወደ ግራ ዘመም ብላ ቆመች። ሁለታችንም መሪው ጋ ያለውን ወንበር አየን። ከዚያ ከዓመት በላይ የቆየው ጥያቄ አመለጠኝ።

"ተቀይሞኝ ነው የሞተው?"

እጇን በጨርቅ ጠረገች።

"አዎ፣ ተቀይሞዎት ነበር። አልዋሽዎትም" አለች። "ግን 'ብረቷን መልሳትና ይለፍልህ' ስለው እምቢ ይለኛል። 'ያወጣት ሰው መጥቶ አብረን ነው የምንመልሳት' ይላል። ቡሎኑን የገዛው ለዚያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የጋራዡን በር ከፍቶ ይቀመጣል። በዚያ ብርድ፣ ጋሼ! 'ዝጋው፣ ማሞቂያው በከንቱ ነደደ' ስለው 'ሲያልፍ ክፍት ሆኖ ካየው ይገባል' ይለኛል። ክረምቱን ሙሉ። እርስዎ ግን አንድ ቀን እንኳ በዚህ አላለፉም።"

የያዝኩትን ቁልፍ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ።

"ልነግርዎት አልፈለግኩም ነበር። እንዲቃጠሉ ነበር የፈለግኩት" አለች፤ እንባዋ እየወረደ።

ይቅር በይኝ ብዬ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ። "በእኔ በኩል ይቅር ብያለሁ። በእሱ በኩል ያለውን ግን እኔ ልልልዎት አልችልም" አለች። ከዚያ ሺፍቷ ስለደረሰ እጇን ልትታጠብ ገባች።

ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ለማንም ነግሬው አላውቅም። አልፌያለሁ። አንድ ቅዳሜ፣ በረዶው በመንገዱ ዳርና ዳር ተቆልሎ ሳለ፣ ሆነ ብዬ በዚያ ሰፈር ነዳሁ። በሩ ክፍት ነበር። ወንድሜ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ መንገዱን ያያል። ፍጥነቴን ቀነስኩ። አየኝ፤ ከወንበሩ ብድግ አለ። እኔ ታላቁ ነኝ፣ መጀመሪያ እሱ ይደውል ብዬ ነዳሁት።