ባሕር ሳይኖረን የሞላነው የባሕር ቅጽ

ሰበታ ባለው መሥሪያ ቤታችን ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃችን ኦቦ ገመቹ ጫፉ ላይ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት የታሰረበት ረጅም ገመድ ሰጡኝ። "የጥልቀት መለኪያው ማሽን ተበላሽቷል። እስኪጠገን በዚህ ትለኪያለሽ" አሉኝ። አራት ዓመት ለካሁበት።

ሥራዬ የአንድ ሐይቅ ወለል ካርታ መሥራት ነበር። ጀልባ ላይ ሆኜ ገመዱን እጥላለሁ፣ ጥልቀቱን እመዘግባለሁ፣ ከሥር ጭቃ ዘግኜ አወጣለሁ። ካርታው ላይ አሸዋውን ቢጫ፣ ጭቃውን ቡናማ፣ ሣር ያለበትን አረንጓዴ እቀባለሁ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንቁላል የሚጥልበትን ቦታ በቀይ አከባለሁ። ቡራዩ ቤቴ ስመለስ ጎረቤቶቼ "ዘንድሮስ ምን አገኘሽ?" ይሉኛል። "ጭቃ" እላለሁ።

አንድ ጠዋት ደብዳቤ መጣ። የአካባቢያችን አገሮች የባሕር ወለል ካርታ አብረው ሊሠሩና መረጃ ሊለዋወጡ ኮሚቴ አቋቁመዋል፤ እኛም አባል ሆነናል ይላል።

"ኦቦ፣ እኛ እኮ ባሕር የለንም" አልኳቸው።

"አባልነት ግን አለን" አሉኝ።

ስብሰባው ሱሉልታ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ተደረገ። ባሕር ካላቸው አገሮች የመጡት ተወካዮች ብርዱን ስላልቻሉት ጋቢ ተገዛላቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ጋቢ ተከናንበው መረጃ መለዋወጥ እንደሚገባ ተናገሩ። በሻይ ሰዓት አንዱን አዛውንት ተወካይ "የእናንተን ካርታ መቼ እናያለን?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"የእኛማ ምስጢር ነው። በመለዋወጡ ግን ሙሉ በሙሉ እንስማማለን" አሉኝ።

ከስብሰባው በኋላ በኮምፒውተር የሚሞላ ቅጽ ተላከልን። የባሕር ዳርቻችንን ርዝመት ይጠይቃል። ዜሮ ስጽፍ አልቀበልም አለ።

"አንድ በይው" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"አንድ ምን?"

"እሱን አልጠየቁሽም።"

አንድ ብዬ ሞላሁ። ቅጹ ቀጥሎ የወለል ካርታ አያይዙ ይላል። ያለን ወለል የሐይቁ ብቻ ስለሆነ ካርታዬን አያይዤ ላክሁ።

ከወራት በኋላ የጋራው ካርታ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። ቀለም ያለው መሐል አገር ያለው ሐይቃችን ብቻ ነበር።

የበላይ ኃላፊያችን አስጠሩኝ። "ሌሎቹ ያልሰጡትን አንቺ በማን ፈቃድ ሰጠሽ?"

"መረጃ እንስጥ ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ የፈረምኩት ለመተባበር ነው።"

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ኦቦ ገመቹ ደብዳቤውን ሲሰጡኝ ዓይኔን አላዩኝም። ልጆቼን የማሳድገው በዚሁ ሥራ ነበርና ብዙ ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ሐጂ ኑሩ ሰበታ ድረስ ፈልገውኝ መጡ። አንድ አሸዋ አውጪ ድርጅት በቀይ ያከበብኩትን ቦታ ሊቆፍር ነበር። የሐጂ ልጅ ካርታውን ስልኳ ላይ አግኝታ ለወረዳው አሳየች፤ ቁፋሮውም ተከለከለ።

"ልጄ፣ ዓሣው እዚህ ይወልዳል ስንል ማስረጃ አምጡ ይሉን ነበር" አሉኝ ሐጂ። "ያንቺ ካርታ መሰከረልን።"

ኃላፊው ወሬውን ሲሰሙ በመረጃ ልውውጥ ላሳየሁት ትጋት የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። ማስጠንቀቂያው ይነሣልኝ ብዬ ባመለክት "ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው" አሉ። ጡረታ ስወጣ ሁለቱም ፋይሌ ውስጥ ነበሩ።

ካርታ ለምትሠሩ የምላችሁ ይህን ነው፤ የለካችሁትን ሰው ሊያየው የሚችልበት ቦታ አውጡት። ፈቃዱን ግን በጽሑፍ ያዙ።