እትዬ ጥሩወርቅ በሮማኒያ መንገድ ላይ

በኦክላንድም በሳን ሆዜም ለምትገኙ ወዳጆቻቸው ሁሉ፤ እትዬ ጥሩወርቅ ከልጃቸው ከሣራ ጋር ሮማኒያ ውስጥ በአውቶቡስ ሲጓዙ ድንገት ዐርፈዋል። አስከሬናቸው መጥቶ ባለፈው ቅዳሜ ኦክላንድ ቀበርናቸው።

ሳን ሆዜ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል፤ እኔንም ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ጠያቂ የሌላቸውን፣ ከአልጋ የማይነሡትን አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ሲያጥቡ፣ እትዬ ስለ ሮማኒያ ተራራ መንገድ ያወሩላቸው ነበር። ሊያገላብጧቸው ሲሉ «አሁን ጠመዝማዛው ጋ ደርሰናል፤ አጥብቀው ይያዙኝ» ይሏቸዋል። ሽማግሌውም ይስቃሉ።

እረፍት ባገኙ ቁጥር ጉዟቸው ወደ ሮማኒያ ነበር፤ በርካሽ ባቡር፣ በገጠር አውቶቡስ፣ ማደሪያቸውም የሰው ቤት። «ፓሪስ እያለ?» ለሚላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ፓሪስ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። እዚያ ግን አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ምሳውን ቆርሶ ይሰጠኛል።»

ሣራን አብራቸው እንድትሄድ ለዓመታት ለምነዋታል። «ነክስት ይር፣ ማሚ» ትላቸው ነበር። ዘንድሮ እሺ አለች። እትዬ ያን ሰሞን ሥራ ላይ ሲያንጎራጉሩ ይውሉ ነበር።

የሆነውን የነገረችኝ ሣራ ራሷ ናት። «ዶንት ሃይድ ኢት፣ እንዳትደብቅ፣ ንገራቸው» ብላኛለች።

አውቶቡሱ ይሞቃል፤ ወንበሩ ጠባብ ነው። «ማሚ፣ መኪና ሬንት ማድረግ አንችልም ነበር? ዋይ ዱ ዩ ላይክ ሰፈሪንግ? መከራ ትወጃለሽ እንዴ?» አለቻቸው። እትዬ ተነሥተው የመስኮቱን ወንበር ለቀቁላትና፣ «እዚህ ሁኚ፤ ወንዙ በዚህ በኩል ነው» አሏት። እሷም ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰካች። ትንሽ ቆይተው ትከሻዋ ላይ ደገፍ ሲሉ ገፋ አደረገቻቸው። ደግመው ሲደገፉ ተወቻቸው።

መጨረሻው ጣቢያ ላይ ሰው ሁሉ ወረደ። «ማሚ፣ ጌት አፕ፣ ሹፌሩ እየጠበቀን ነው» ብላ ተቆጣች። ዝም ሲሏት ጮኸችባቸው። ሹፌሩ መጥቶ እጃቸውን ዳሰሰ፤ ከዚያ ቆቡን አወለቀ።

ለቅሶው ላይ አንድ ሰው ሣራ አጠገብ ተቀምጦ፣ «እንደ ሰው በደህና መኪና ቢሄዱ ኖሮ ይተርፉ ነበር» አለ። አማርኛ አይገባትም ብሎ መሰለኝ። ይገባታል።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ ነፍስዎን በገነት ያኑርልን። ሣራ በየቀኑ ኮል ታደርግልኛለች። ያን ጊዜ ስትገፋዎ ታውቆዎት እንደሆነ ነው የምትጠይቀኝ። «እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር» እላታለሁ። አታምነኝም፤ እኔም አላምነውም። እርስዎ ብቻ ነበሩ ሊነግሯት የሚችሉት። ደህና ይሁኑ፣ እትዬ።